አላርሙ ሲጮኽ ማን ይነሣል?

ሞተር ሳይክል ላይ የሚገጠም አላርም ሌባ አይዝም። መጀመሪያ እዚህ ላይ እንስማማ። እጅ የለውም፣ ዱላ የለውም፣ የሌባውን ፊት አያይም። የሚያውቀው ሥራ አንድ ነው፤ መጮኽ። ሌባውም የሚፈራው ጩኸቱን ሰምቶ በሩን የሚከፍት ሰው ይኖራል ብሎ ነው። ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ የቆመ ሞተር የፈለገውን ያህል ቢጮኽ፣ ሌባው ጆሮውን በጋቢው ሸፍኖ ሥራውን ይጨርሳል።

እንግዲህ አላርም የገዛ ሰው ገና ግማሹን ነው የገዛው። ሌላው ግማሽ ሱቅ ውስጥ የለም፤ ከግድግዳው ማዶ ተኝቷል። ጎረቤት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ በካቻቢቴና በፒንሳ የገጠምኩት ማሽን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሲጮኽ፣ ጎረቤቴ የመነሣት ግዴታ አለበት ወይ? ካለበት ግዴታው ከየት መጣ? ከሌለበትስ እኔ ምኑን ተማምኜ ነው የገጠምኩት? ደሞ ሌላም አለ፤ ሳላማክረው እንቅልፉን የንብረቴ ዘበኛ ሳደርገው ምን ያህል ዕዳ ገባሁ? ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ግን "ለሌላ ሰው ጩኸት ምን ያህል ኃላፊነት አለብኝ?" የሚለው ትልቁ ጥያቄ፣ በአብዛኛው ወደ እኛ የሚመጣው እንዲህ ትንሽ ሆኖ ነው።

*

ነገሩን አንድ ቦታ ላይ እናቁመው፤ ገበዝ ማርያም። የቋሪት ወረዳ መቀመጫ ናት። ወረዳዋ በደቡብ ፍኖተ ሰላም ካለችበት ከጃቢ ጠህናን፣ በምዕራብ ግሽ ዓባይ ካለበት ከሰከላ ጋር ይዋሰናል። እንዲህ ባለ ከተማ ሞተር የጎረምሳ መዝናኛ አይደለም። የግብርና ባለሙያው ከቀበሌ ቀበሌ የሚዞርበት፣ የእንስሳት ሐኪሙ የታመመች ላም ዘንድ የሚደርስበት፣ መምህሩ ቅዳሜ ወደ ቤተሰቡ የሚሄድበት፣ ነጋዴው ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ዕቃ የሚያመጣበት እግር ነው። ብዙ ጊዜ ደሞ ሞተሩ የባለቤቱ ብቻ አይደለም። ዕቁብ አለበት፣ የብድርና ቁጠባ ገንዘብ አለበት፣ አባት የሸጡት በሬ አለበት። ሌሊት ሲጠፋ የሁሉም ድካም ነው አብሮ የሚጠፋው።

ድሮ ይህን ሥራ የምትሠራው በቅሎ ነበረች። በቅሎ ባለቤቷን ታውቃለች፤ የማታውቀው እጅ በጨለማ ሲነካት ትደነብራለች፣ ትራገጣለች። ሞተር ግን ጌታ አያውቅም፤ የነዳው ሁሉ ጌታው ነው። በቅሎ ቤት ውስጥ ጋጥ ተሠርቶላት ታድር እንደነበረው፣ ዛሬ ሞተር ሳሎን የሚያድረው ለዚህ ነው። ማታ ላይ ሰው ሞተሩን እየገፋ ደፉን ያሻግረዋል፣ አልጋው አጠገብ ያስጠጋዋል፣ ቤንዚን እየሸተተው ይተኛል። አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ልጆች ይዞ የሚኖረው ግን ይህን አይችልም። በረንዳ ላይ ያቆመዋል፤ ጎማውን በሰንሰለት ከምሰሶው ጋር ያስረዋል፤ ከዚያ ሌሊቱን እየባነነ ያዳምጣል። አላርም የሚታሰበው እዚህ ላይ ነው። ሰው ማዳመጥ ሲደክመው በእሱ ፋንታ የሚያዳምጥ ነገር ይፈልጋል። ይህ ነውር አይደለም፤ እንቅልፍ የሁሉም መብት ነው።

*

መግጠሙ ራሱ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ካርቶኑ ውስጥ አንድ ትንሽ የመቆጣጠሪያ ሳጥን፣ አንድ ሳይረን፣ ሁለት ሪሞትና አንድ እስር ሽቦ አለ። የሞተሩ መቀመጫ ይነሣል። ከባትሪው መጀመሪያ የሚፈታው ኔጌቲቩ ነው፤ መጨረሻ የሚታሰረውም እሱ ነው። ምክንያቱም ኔጌቲቩ ሳይፈታ ፖዘቲቩን የነካ ካቻቢቴ የሞተሩን ብረት ከነካ እሳት ይረጫል። የአላርሙ ዋና ሽቦ በፊውዝ በኩል ወደ ፖዘቲቭ ይሄዳል፤ ሌላው ወደ ኔጌቲቭ። ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ሽቦ በቴስተር ይፈለጋል። ሁለቱ ወደ ፍሬቻዎቹ ይሄዳሉ። የሽቦው ቀለም ከአንዱ አላርም ወደ ሌላው ስለሚለያይ አብሮ የመጣውን ሥዕል ማየት ግድ ነው። መገጣጠሚያው በናስትሮ ይጠቀለላል፤ ሳጥኑ ውሃ የማያገኘው ቦታ ይታሰራል። የጎጃምን ክረምት የሚያውቅ ሰው ይህችን አይዘላትም።

እስከዚህ ድረስ የመካኒክ ሥራ ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጡት ሦስት ውሳኔዎች ግን፣ ወረቀቱ ላይ "ሴቲንግ" ተብለው ቢጻፉም፣ የሥነ ምግባር ውሳኔዎች ናቸው።

አንደኛው ባትሪው ነው። አላርም ተኝቶም ይበላል። ለምሳሌ 10 ሚሊአምፒር የሚስብ አላርም በቀን 0.24 አምፒር ሰዓት ይወስዳል። ባትሪው 5 አምፒር ሰዓት የሚይዝ ከሆነ፣ ሳይነሣ የቆመ ሞተር በሃያ ቀን ገደማ ባዶ ይሆናል። ንቁ ሆኖ መቆየት ዋጋ አለው፤ ለማሽን እንኳ። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ሁለተኛው ሞተር ማጥፊያው ነው። አንዳንዱ አላርም እየሄደ ያለውን ሞተር ከሩቅ በሪሞት የማጥፋት አቅም አለው። ሲያስቡት ደስ ይላል፤ ሌባው ሲሸሽ ቁልፉን ትጫናላችሁ፣ ሞተሩ ቀጥ ይላል። ግን ቁልቁለት ላይ ቢሆንስ? ከኋላው አይሱዙ እየመጣ ቢሆንስ? መንገድ ዳር ሕፃን ቢኖርስ? በቦታው የሌለ ሰው፣ ያላየውን መንገድ፣ በአንድ ጣት ይወስናል። የሞተር ዋጋ የሰው ነፍስ አይሆንም፤ የሌባም ቢሆን። ስለዚህ ሽቦውን የቆመው እንዳይነሣ አድርጎ ማሰር ይቻላል፤ የሚሄደውን እንዲያቆም አድርጎ ማሰር ግን ሌላ ነገር ነው።

ሦስተኛው የመንቀጥቀጥ ስሜቱ መጠን ነው፤ የዚህ ጽሑፍ እምብርትም እሱ ነው። ስሜቱን ከፍ ካደረግነው፣ ዶሮ መቀመጫው ላይ ስትወጣ ይጮኻል፣ ነጎድጓድ ሲያጓራ ይጮኻል፣ መኪና ሲያልፍ ይጮኻል። ዝቅ ካደረግነው፣ ቀስ ብሎ የሚነካ የለመደ እጅ ሊያመልጠው ይችላል። ፍጹም የሆነ ልክ የለም፤ አንዱን ስሕተት መምረጥ አለብን። ልብ በሉ፣ ሁለቱን ስሕተቶች የሚከፍለው ሰው የተለያየ ነው። ዝቅ ሲል የሚጎዳው ባለሞተሩ ነው። ከፍ ሲል የሚጎዳው ጎረቤቱ ነው፤ አራስ ያለችበት ቤት፣ ሲነጋ ተነሥቶ ሊያርስ የሚሄደው ሰውዬ፣ ነገ ፈተና ያለባት ልጅ። ያቺን ትንሽ ማስተካከያ የሚነካው ግን ባለሞተሩ ብቻ ነው። ሌላ ሰው የሚከፍለውን ዋጋ እኔ ስወስን ደግሞ እጄ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የሚያዘነብለው።

*

አሁን ከሽቦው ወጣ ብለን ወደ ድሮው አላርም እንሂድ። ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ኡኡታ። እሳት ሲነሣ፣ ጅብ በረት ሲሰብር፣ ሌባ ከብት ሲነዳ ሰው "ኡኡ!" ይላል። የሰማው ዱላውን ይዞ ይወጣል። ራቅ ብሎ ያለው ደሞ ጩኸቱን ተቀብሎ ለሚቀጥለው ጎጥ ያቀብላል። ስልክ በሌለበት ዘመን ድምፅ ሸንተረር ተሻግሮ የሚሄደው እንዲህ ነበር።

ይህ ደግሞ ልማድ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 20 ላይ፣ ወንጀል ሠርቶ የሚሸሽ ሰው ሕዝብ ሲያባርረው ወይም እሪታ ሲነሣበት፣ እጅ ከፍንጅ ከመያዝ ጋር የሚቀራረብ አድርጎ ይቆጥረዋል። ማለትም የሕዝብ ጩኸት በሕግ ፊት ክብደት አለው። የእኛ ብቻም አይደለም። እንግሊዞች በ1285 እ.ኤ.አ. ባወጡት የዊንቸስተር ሕግ፣ ጩኸት ሲነሣ ተከትሎ ማሳደድ ግዴታ ነበር፤ ዘራፊውን ያላቀረበ አካባቢ ለጉዳቱ ራሱ ተጠያቂ ይሆን ነበር። በእኛም አገር አፈርሳታ ወይም አውጫጪኝ የሚባለው ሥርዓት ነበር። ንብረት ሲጠፋ የአካባቢው ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ ካልተገኘም ካሣው በአገሬው ላይ ሊወድቅ ይችላል።

እውነቱን እንነጋገር፤ አፈርሳታን መልሱልን የሚል የለም። ንጹሕ ሰው እርሻውን ትቶ ቀናት የሚቀመጥበት፣ ያልሰረቀውን የሚከፍልበት ሥርዓት ነው። ግን አንድ ነገር ያሳየናል። ጩኸት በራሱ ምንም እንዳልሆነ አባቶቻችን ገብቷቸው ነበር። ጩኸትን ጩኸት የሚያደርገው የሚነሣው ሰው ነው። ሰው ደግሞ ሁልጊዜ በፈቃዱ ስለማይነሣ፣ ሥርዓት አበጁለት።

*

ታዲያ ለኡኡታ የሚነሣ ሰው ለአላርም የማይነሣው ለምንድን ነው? አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የኖረ ይህን ያውቃል። ሌሊት የመኪና አላርም ይጮኻል። መጋረጃ ገለጥ ይላል፣ መልሶ ይዘጋል። "ኧረ የማን መኪና ነው ይሄ! አጥፋው በቃ!" የሚል ድምፅ ከአራተኛ ፎቅ ይሰማል። ሌባ ይኖር ይሆን ብሎ የሚያስብ የለም። አላርሙ ራሱ ጥፋተኛ ሆኗል።

እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ ኡኡታ የሚጮኸውን ሰው ያስከፍላል። ያለ ነገር "ኡኡ" ያለ ሰው ሲነጋ መንደሩ ውስጥ መሳቂያ ይሆናል፤ ሦስተኛ ጊዜ ቢጮኽ ማንም አይወጣለትም። ስለዚህ ሰው ሳይጨንቀው አይጮኽም፤ ሳይጨንቀው ስለማይጮኽም ይታመናል። አላርም ግን አያፍርም። አሥር ጊዜ በዶሮ ምክንያት ጮኾ አሥራ አንደኛውን በሙሉ ድምፅ ይጀምራል። ከባትሪው በቀር የሚከፍለው የለም። ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ይህንን ነው። ንቁ መሆን ዋጋ እንዳለው ማሽኑም ያውቃል፤ ውሸት ዋጋ እንዳለው ግን አያውቅም። ውሻ እንኳ ከዚህ ይሻላል። የጎረቤቱን ውሻ የለመደ ሰው፣ ድመት ሲያይ የሚጮኸውንና እንግዳ ሲያይ የሚጮኸውን በእንቅልፍ ልቡ ይለየዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ሪሞቱ ነው። ኡኡታ የሰማ ሰው ጩኸቱን ማቆም የሚችል ማንም እንደሌለ ያውቃል፤ ለዚያ ነው የተጮኸው። አላርም የሰማ ሰው ግን አንድ የቀረበ ሰው እንዳለ ያስባል፤ ሪሞቱን ትራስ ሥር ያደረገው። "አሁን ይነሣል፣ ይጫነዋል" ብሎ ይጠብቃል። ሁሉም እንዲያ ብሎ ይጠብቃል።

ይህ መጠባበቅ በጥናት የታወቀ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ኪቲ ጄኖቬዜ የምትባል ወጣት ሌሊት ቤቷ አጠገብ ተገደለች። ጋዜጣው 38 ሰዎች እያዩ ዝም አሉ ብሎ ጻፈ። ያ ቁጥር የተጋነነ እንደነበር በኋላ ታውቋል፤ ፖሊስ የጠራም፣ ወርዶ ያቀፋትም ሰው ነበር። ታሪኩ ግን ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎችን ቀሰቀሰ። በ1968 ባሳተሙት ሙከራ፣ በድምፅ ማጉያ ብቻ የሚሰሙት ሰው በድንገት ሲታመም ተሳታፊዎቹ ምን እንደሚያደርጉ አዩ። ብቻዬን ነኝ የሰማሁት ብለው ካሰቡት ውስጥ 85 በመቶው ዕርዳታ ሊጠሩ ተነሡ። ሌሎች አራት ሰዎችም ይሰማሉ ብለው ካሰቡት ውስጥ የተነሡት 31 በመቶው ናቸው። ሰዎቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ኃላፊነት እንደ እንጀራ ነው፤ ለብዙ ሰው ሲቆረስ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ቁራሽ ይሆናል።

*

እዚህ ላይ አንድ ሰው "እንዴ፣ እኔ ጎረቤቴን ምን አስቸገርኩት? አላርሙ ላይ ያለው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ሌባው ገና ሲያየው ይሸሻል፤ ጩኸት እንኳ አያስፈልግም" ሊል ይችላል። እሺ፣ ይሸሻል። ወዴት? ሌባ ለአመሉ ዳቦ ይልሳል ይባላል፤ ያቺን ሌሊት ሥራ ይፈታል ብሎ ማሰብ ከባድ ነው። ቀዩ መብራት ለሌባው የሚለው "የእኔን ተወው" ነው። "መብራት የሌለውን ውሰድ" የሚለውን ሌባው ራሱ ይጨርሰዋል። መብራት የሌለው ደግሞ ብዙ ጊዜ አላርም መግዣ ያጣው ሰው ነው።

ኢያን ኤርስና ስቲቨን ሌቪት የሚባሉ አሜሪካውያን ምሁራን በ1998 ያሳተሙት ጥናት ይህን ከሌላ ጎን ያሳያል። ያጠኑት ሎጃክ የተባለውን፣ መኪና ውስጥ ተደብቆ ሲሰረቅ ብቻ ምልክት የሚያስተላልፍ ዕቃ ነው። ከውጭ ስለማይታይ ሌባው የትኛው መኪና እንዳለው አያውቅም፤ ስለዚህ ሁሉንም ይፈራል። ዕቃው በተስፋፋባቸው ከተሞች የመኪና ስርቆት በአጠቃላይ ቀነሰ፤ ያልገዙትም ተጠቀሙ። የሚታየው መከላከያ ሌባን ወደ ጎረቤት ሊገፋ ይችላል፣ የማይታየው ጎረቤትንም ይጠብቃል ማለት ነው።

ጥበቃዬን ሌላ ሰው ላይ በተጣለ አደጋ ልገዛው እችላለሁ ወይስ ከሌላው ጋር ልካፈለው እችላለሁ፤ ምርጫው ይሄ ነው። ገበዝ ማርያም ላይ ለዚህ ሳተላይት አያስፈልግም። አንድ ግቢ ሦስት ሞተር ካለ፣ ሦስቱን ጎማ ለጎማ በአንድ ሰንሰለት ማሰር ይቻላል። አላርሙ አንዱ ላይ ብቻ ቢኖርም ሌላውን የሚጎትት ሰው ሰንሰለቱን ይጎትታል፤ አላርም ያለውም ይንቀጠቀጣል። የአንዱ ጩኸት የሦስቱ ይሆናል። መግዣ ያጣው ተከራይም ሌሊቱን ይተኛል።

*

እስካሁን አላርሙን ስንወቅስ ቆየን። አንድ የሚመሰገንበት ነገርም አለ፤ ጣቱን አይቀስርም።

መንገድ ላይ "ሌባ! ሌባ!" ተብሎ ሲጮኽ ምን እንደሚሆን ሁላችንም አይተናል። ጩኸቱ የሚጠራው በሚሮጠው ሰው ላይ ነው። ለምን እንደሚሮጥ ግን የሚጠይቅ የለም። ድንጋይ ያነሣል፣ ይረግጣል፤ ከዚያ በኋላ ልጁ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ "እኔ እኮ ሲመቱት አይቼ ነው" ይላል። እዚህ ላይ ኃላፊነት በተቃራኒው ተቆርሷል። ለመርዳት ሲሆን "ሌላ ሰው ይነሣል" ያለው ሕዝብ፣ ለመምታት ሲሆን ሁሉም ይነሣና ማንም አልመታም።

የድሮው ሌባሻይም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ለአንድ ልጅ የሚያሰክር መጠጥ ይሰጠዋል፤ ልጁ እየተወላገደ ይሄድና የማን ቤት ገብቶ ከወደቀ ያ ሰው ሌባ ተባለ ማለት ነው። ልማዱ በኋላ ተከለከለ። ሰውዬው ግን መልስ የሚሰጥበት ምን አፍ ነበረው? ከተሞቻችንም አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋሉ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ላይ በሞተር የሚፈጸም ንጥቂያና ወንጀል በዛ ተብሎ፣ ከተፈቀደላቸው በቀር ሞተር ሳይክል እንዳይንቀሳቀስ ታገደ። ወንጀሉ እውነት ነበር። ግን በሞተር ዳቦ የሚያደርሰውም ልጅ አብሮ ቆመ። የመንቀጥቀጥ ስሜቱ በጣም ከፍ የተደረገ አላርም ማለት ይሄ ነው፤ የነካውንም ያለፈውንም እኩል ይጮኽበታል።

አላርም "እዚህ ዕቃ ላይ አንድ ነገር ሆኗል" ይላል እንጂ "እገሌ ነው" አይልም። ይህ ትልቅ ጨዋነት ነው። የሚነሣው ሰውም ይህን ጨዋነት ቢማረው ጥሩ ነው። ስንነሣ ልንመለከት፣ መብራት ልናበራ፣ ሞተሩን ልናስጥል ነው። ሰው ልንገድል አይደለም።

*

የቀረው ከባዱ ጥያቄ ነው። ጎረቤቴ መነሣት ቢፈልግም ባይችልስ?

ስለ ምዕራብ ጎጃም ሌሊት ስንጽፍ ይህን መዝለል ሐሰት ይሆናል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በክልሉ ከተሞች ሰዓት እላፊ ተጣለ፤ ጦርነቱም ሌሊትን ሌላ ነገር አደረገው። በጨለማ በር ከፍቶ መውጣት ጥይት ሊያስከትል በሚችልበት ጊዜ፣ ለሞተር ጩኸት ያልወጣን ሰው ፈሪ ማለት ግፍ ነው። ሕጉም ይህን ይረዳል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 በሕይወቱ፣ በአካሉ ወይም በጤናው ላይ ከባድ አደጋ የተደቀነበትን ሰው ሳይረዳ የተወን ይቀጣል፤ ግን ረጂው ራሱን ወይም ሌላውን ለአደጋ ሳያጋልጥ መርዳት ሲችል ነው። ለሰው ነፍስ እንኳ እንዲህ ያለ ገደብ ካለ፣ ለሞተር ምን ሊባል ነው?

ታዲያ ግዴታው ዜሮ ነው? አይመስለኝም። ድሮም ለኡኡታ ሁሉም ሰው ዱላ ይዞ አልወጣም። አቅመ ደካማዋ አሮጊት ከቤታቸው ሆነው ጩኸቱን ያቀብሉ ነበር። ከመውጣትና ከመተኛት መካከል ሰፊ ቦታ አለ። በር ሳይከፍቱ መብራት ማብራት ይቻላል። ከውስጥ ሆኖ "ማነህ አንተ?!" ማለት ይቻላል። ግድግዳውን ደብደብ አድርጎ "አያ፣ ያንተ ሞተር ነው መሰለኝ፤ እስቲ እየው!" ማለት ይቻላል። ስልክ መደወል ይቻላል። ሌባው የሚፈራው ሰው መኖሩን ነውና፣ ለሌባው አንድ የበራ መስኮትና አንድ ሳል ብዙ ነው። ለጩኸት በድምፅ መመለስ ማንም ከቤቱ ሳይወጣ የሚከፍለው፣ ለጮኸው ሰው ግን ብቻውን እንዳልሆነ የሚነግር ትንሹ ዕዳ ነው።

ይህ ዕዳ ግን ከሰማይ አይወርድም። የሚገኘው ባለሞተሩ መጀመሪያ የራሱን ሲከፍል ነው። የእሱም ግልጽ ነው። ስሜቱን ዝቅ ያደርጋል፤ አንዳንድ ሌባ ቢያመልጠው ይሻላል፣ ዶሮዋ ሠፈሩን ከምታስነሣ። አላርሙ በሐሰት ሲጮኽ አልጋው ውስጥ ሆኖ ሪሞት ተጭኖ አይተኛም። ይነሣል፣ ይወጣል፣ ድምፁን ያሰማል፤ "እኔ ነኝ እትዬ፣ ዶሮ ናት፤ ይቅርታ፣ ይተኙ።" ያቺ "ይቅርታ" ማሽኑ የማያውቀውን እፍረት ትጨምርለታለች። ከዚያ በኋላ ጩኸቱ ሰው አለው፤ ጎረቤትም ሲጮኽና "ይቅርታ" ሳይመጣ ሲቀር የእውነት ነው ብሎ ይጠረጥራል። የሌላው ቤት ጩኸት ሲመጣ ደሞ መብራቱን መጀመሪያ የሚያበራው እሱ መሆን አለበት።

በተግባር ይህ ሁሉ የሚጀምረው ኔጌቲቩ በታሰረበት ቀን ነው። አላርሙ ተገጥሞ ሲያልቅ መሞከሩ አይቀርም፤ ሌሊት ሳይሆን በቀን፣ ከተቻለ ቡና በሚጠጣበት ሰዓት ይሞከር። መጀመሪያ በየበሩ ሄዶ "አሁን አንድ ነገር ይጮኻል፤ የእኔ ሞተር ነው፤ ሌሊት ከሰማችሁት መብራት ብቻ አብሩልኝ፤ የእናንተም ሲጮኽ አበራለሁ" ማለት። ከዚያ ሪሞቱን መጫን። ልጆቹ ጆሯቸውን ይይዛሉ፣ ውሾቹ ይጮኻሉ፣ አሮጊቷ "ኧረ በስመ አብ!" ይላሉ፤ ሁሉም ይስቃል። ድምፁንም ሁሉም ያውቀዋል። የአላርሙ ሁለተኛ ግማሽ የሚገጠመው በዚያች ደቂቃ ነው። ለዚያኛው ካቻቢቴ አያስፈልገውም።